ከቦሌ በኋላ ያለው መንገድ

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመት ከርማ ከጅዳ ስትመለስ ልቀበላት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። እሑድ 10 ሰዓት ላይ ቦሌ አረፈች። በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ጅዳና አዲስ አበባ በሰማይ ወደ 1 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ ካርታ ላይ ክር ብትዘረጉ ክሩ በወሎ ሰማይ ያልፋል። «በላያችን አልፋ ሄዳ ነው እንግዲህ ወደኋላ የምትመለሰው!» አለች እናቷ በስልክ። እኛ ያለነው ጨፋ ሮቢት ነው፣ ከከሚሴ ትንሽ በታች።

ቤቷ የገባችው ሰኞ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከቦሌ 23 ሰዓት መሆኑ ነው።

«ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለላችሁ አይደል?» የሚለኝ የከተማ ሰው አይጠፋም። አለ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ግን ወደ 375 ይደርሳል። ለእኛ ሰው ግን ኮምቦልቻ መውረድ ቤቱን አልፎ ሄዶ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ወደ ደቡብ መመለስ ነው። ልጅቱ ደግሞ ሁለት ሻንጣና በገመድ የተጠፈረ ብርድ ልብስ ይዛለች። የትርፍ ኪሎው ሒሳብ ብቻውን አውቶቡስ ያስመርጣል።

ከአዲስ አበባ ከሚሴ በቀጥታ ቢለካ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልቱ 325 ያደርገዋል። መቶዋን የጨመረው ተራራው ነው። ጣርማበር ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ መውረድ አለ። በተራራ ቂም አልይዝም። (ረዳቱ «ሮቢት!» ሲል ልጅቱ ሻንጣዋን ልታወርድ ተነሣች። «አብሽሪ፣ ይሄ የሸዋው ነው፤ ገና ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ አለ» ብዬ አስቀመጥኳት።)

ቂሜ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ የደረሰ መንገደኛ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ስለማያገኝ አልጋ ይዞ ያድራል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላምበረት መናኸሪያ ይሰለፋል። ከዚያ ኬላ ነው። ሦስት ቦታ ወርደን ተፈተሽን፤ ብርድ ልብሱ ሦስት ጊዜ ተፈታ። በ2013 እና በ2014 ይህ መንገድ ያየውን ግጭትና ጦርነት ያየ ሰው ፍተሻ ይቅር አይልም፤ እኔም አልልም። ግን ጠዋት የተፈተሸ አውቶቡስ በመንገድ ሰው ካልጫነ፣ የመጀመሪያው ኬላ «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ሰጥቶት ሁለተኛው ለምን አያምነውም? ይህ አስፋልት አይጠይቅም፣ ዶላር አይጠይቅም። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተነጠፈውን ሐዲድ እንኳ እስካሁን አልተሳፈርንበትም፤ እሱን እንጠብቃለን። ወረቀቱን ግን ለምን እንጠብቅ?

በየምርጫው «ለከሚሴም አውሮፕላን ማረፊያ» የሚል ሰው ቢመጣ እጄን አላወጣለትም። እኔን ከአዲስ አበባ የሚያቀራርበኝ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ አንድ አውቶቡስ ነው።

ስንደርስ እህቴ ብርድ ልብሱን ልትፈታ ቢላዋ ይዛ ወጣች። ገመዱ ሦስተኛው ኬላ ላይ ቀርቶ ነበር።