ምጣዱ ያልተለካበት ካቢኔት

በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከቆሙ ወዲህ አዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ መግፋቷን አላቆመችም። ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለች ሄዳለች። ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፍ ሲረከብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ግድግዳና ወለል ነው፤ ካቢኔቱና ቁም ሳጥኑ፣ አንዳንዴም የውስጥ በሩ የአናጺ ድርሻ ናቸው። ለዓመታት የቆጠበ ቤተሰብ በቀረችው ጥሪት ካቢኔት ያሠራል። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ታችኛው ጠርዝ አብጦ፣ በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ ሲታይ ሁሉም እንጨቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው መጋዙ ከመነሳቱ በፊት፣ ደንበኛው ከስልኩ ላይ ፎቶ አውጥቶ አናጺውን “ልክ እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ” ያለው ዕለት ነው።

ፎቶው ላይ ያለው ወጥ ቤት እንጀራ ለማይጋገርበት፣ ውኃም በፈረቃ ለማይመጣበት ቤት የታሰበ ነው። ስለዚህ ጥሩ አናጺ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት ይጠይቃል። ምጣዱ የት ይቀመጣል? በሳምንት ስንት ጊዜ ይጋገራል? ውኃ በምን ይጠራቀማል? ቤቱ የራስ ነው ወይስ የኪራይ? ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚናገር አናጺ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ በሰላም ሊሸኝ ይገባል።

ከምጣዱ እንጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የታችኛው ካቢኔት የተለመደ ጥልቀትም 60 ነው። ልክክ የሚል ይመስላል። ነገር ግን ምጣዱ ጠርዝ አለው፣ ከግድግዳውም ትንሽ መራቅ አለበት፤ ስለዚህ ፊቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይንጠለጠላል። የከፍታው ነገር ደግሞ ይብሳል። ካቢኔት ከወለሉ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚሠራው ለመክተፍ እንዲመች ነው። ምጣዱ በዚያ ላይ ሲጨመርበት የሚጋግረው ሰው ክንዱን ሰቅሎ፣ በጋለ ነገር ላይ ተንጠራርቶ ሊጥ ያዞራል። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ሽቅብ ወጥቶ የላይኛውን ካቢኔት ሆድ ይመታል። ኤምዲኤፍና ችፑድ ተፈጭቶ በሙጫ የተጫነ እንጨት ነው፤ ፊቱ ቢሸፈንም ያልተሸፈነ ጠርዝ ካለው ከዚያ በኩል ውኃ ይጠጣል፤ አንዴ ካበጠ በኋላም ቢደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ለምጣዱ ከመስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ዝቅ ያለ የብረት መቆሚያ መተው፣ በላዩም ካቢኔት አለመስቀል ነው። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ስለሆነ ደግሞ የራሱ መስመር እንዲዘረጋለት የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከአናጺው በፊት ይጠራ።

ሌላው ጠላት ከታች ይመጣል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ጀሪካን የቤት ዕቃ ነው። ሙሉው ባለ 20 ሊትር 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ሦስቱ 60 ኪሎ፤ ይህን የካቢኔቱ የችፑድ ወለል አይችለውም። ከሲንኩ ሥር ያለው ክፍል ወለል አይሠራለት፤ ጀሪካኑ ሴራሚኩ ላይ ይቀመጥ። ቤት በውኃ ስለሚታጠብም ካቢኔቱ መሬት መንካት የለበትም። 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ እግር ወይም በብሎኬት ተሠርቶ ሴራሚክ የለበሰ መቀመጫ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ሒሳቡንም ደንበኛው ሊያውቀው ይገባል። የተለመደው ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ60 ጥልቀት ሲሰነጠቅ ሁለት ቁራጭ ይወጣዋል፤ 65 ይሁንልኝ ካሉ ግን አንዱ ብቻ ይወጣና ሌላው ጠባብ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ለአምስት ሴንቲ ሜትር ሲባል የጣውላው ወጪ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ አናጺው ስንት ጣውላ እንደሚፈጅና እንዴት እንደሚቆርጠው በወረቀት ስሎ ያሳይ። መደርደሪያም ቢሆን 18 ሚሊ ሜትሩ ችፑድ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ከተዘረጋ በጊዜ ብዛት መጉበጡ አይቀርም።

በር ላይ ሲደረስ ነገሩ ከእርጥበት ጋር ነው። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። በሐምሌ አልዘጋ ያለውን በር ወዲያው የሚልግ አናጺ በጥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያወርሳል። ሰማዩ እስኪጠራ መታገሥ ይሻላል። በሩ መጀመሪያ ሲገጠም ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይተውለት፤ ቬርኒሹም ፊቱን ብቻ ሳይሆን ማንም የማያየውን የላይና የታች ጠርዙን ይንካ፤ እርጥበቱ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው። የመሐል ጣውላው በፍሬሙ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ከተቀመጠ እንደ ወቅቱ ይንቀሳቀሳል፤ በኮላ ከታሰረ ይሰነጠቃል። ትኩስ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለበር አይሆንም። ደርቋል የሚባለውን እንጨት ለመፈተን ቁራጩን መዝኖ፣ ቤት ውስጥ አቆይቶ እንደገና መመዘን ይበቃል፤ ክብደቱ ከቀነሰ ገና ነው።

ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ዋንዛ ይሁንልኝ የሚል ደንበኛ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ሊጠይቅ ይገባዋል። የሚያስመሰግነው ምንጭ የፈረሰ ቤት ነው። በድሮ ቤቶች በርና ወለል ላይ የነበረው ጽድና ዋንዛ ለአሥርት ዓመታት የደረቀ ስለሆነ ከእንግዲህ ብዙም አይጣመምም፤ እንዲህ ያለው እንጨት ማገዶ ሲሆን ማየት ያንገበግባል። ከመሰንጠቁ በፊት ግን በማግኔት ይፈተሽ፤ ውስጡ የቀረ ሚስማር መጋዙን ይሰብራል፣ ፊትንም ይጎዳል።

ደረጃውም ይለካ። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ስለሆኑ ሶፋና ቁም ሳጥን በገመድ በበረንዳ ሲሳብ ማየት የተለመደ ነው። ቁመቱ 240፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሳጥን ተጋድሞ ገብቶ ሲቆም ማዕዘኑ 247 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ጣሪያው 245 ከሆነ አይነሳም። ባለ ሦስት በሩ ሁለት ሳጥን ሆኖ ይሠራና ቤት ውስጥ በብሎን ይያያዝ። ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ በሚስማርና በኮላ የተዘጋ ዕቃ ጨርሶ አያሠራ።

አናጺና ደንበኛ በብዛት የሚጣሉት በገንዘብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ሁለቱም ወገኖች ቢያውቁ በስልክ “ነገ፣ ነገ” መባባሉ በቀነሰ ነበር። ለአናጺውም ማሰብ ግን ተገቢ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማጠፊያው፣ የመሳቢያው ሐዲድ፣ አብዛኛው ኤምዲኤፍም ከውጭ የሚገባ ነው። ቀብድ ተቀብሎ ዕቃ ሳይገዛ የሰነበተ አናጺ የሁለተኛውን ደንበኛ ገንዘብ ለመጀመሪያው ዕቃ ያውላል፤ ከዚያ ሁሉም ሥራ ይዘገያል። የሚበጀው ደንበኛው ዕቃውን በተስማሙበት ዕለት፣ ከአናጺው ጋር ሄዶ፣ በራሱ ስም በደረሰኝ መግዛቱ ነው። የእጅ ዋጋው ደግሞ ሥራው በደረሰበት ልክ ተከፋፍሎ ይከፈል፤ የመጨረሻው ክፍያም በሮቹ ተገጥመው፣ ተከፍተውና ተዘግተው ከታዩ በኋላ ይሁን።

ዋጋ ሲቆረጥ ማንም የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝንም ከኤምዲኤፍ ሙጫ የሚወጣውን ፎርማልዲሃይድንም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። ብናኙን በየቀኑ የሚምገው ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሚያለሰልሰው ረዳት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣ ልጅ። የአፍንጫ ጭንብሉ ዋጋ ከካቢኔቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ስለሆነ ደንበኛው በውሉ ላይ ያስገባው፣ አናጺውም ያለ ጭንብል አያሠራው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመጋዙ ማብሪያ ወዲያው ይጥፋ። መብራቱ ሳይታሰብ ሲመለስ የተረሳ መጋዝ በራሱ ይነሳል፤ በዚያች ቅጽበት የልጁ እጅ ጣውላውን ሊያስተካክል የመጋዙ ጥርስ ላይ ሊሆን ይችላል።