አንድ «አይከን» ለሦስት ነገር

«አይከን» ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው፤ መነሻ ትርጉሙ ምስል፣ አምሳያ ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛችን ለቤተ ክርስቲያን ሥዕልም፣ ለስልክ ምልክትም፣ ለዝነኛ ሰውም መዋሉ ያሳስበኛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በእንጨት ገበታ ላይ የሣላት፣ ልጇን የታቀፈች እመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ ናት፤ ምእመን ይሳለማታል፣ ይጸልይባታል። በስልክ ላይ ያለችው ትንሽዬ ፖስታ ምልክት ናት፤ ስትነካ መልእክት ትከፍታለች። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ደግሞ ተምሳሌት ነው።

«ቴሌቪዥንንስ ተውሰን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ቋንቋ ይዋሳል። ቴሌቪዥን ግን ስም ላልነበረው ዕቃ መጣ፤ «አይከን» ሦስት ስሞችን አፈናቅሎ ነው የተቀመጠው። ጋዜጠኛው ሯጩን «ተምሳሌት» ቢለው አንባቢ «የምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አይከን» ሲለው ጥያቄው ሳይነሳ ይቀራል።