የማሽላ አገዳው ፖቴዝ

በሲሪንቃና በአካባቢው የማሽላ አዝመራ ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ በየደጁ የሚከመረው አገዳ ለከብት ቀለብ፣ ለማገዶና ለአጥር ይውላል። ከዚያ የተረፈውን ልጆች ይወስዱታል። ቅርፊቱን ልጠው፣ ነጩን ውስጡን በእሾህ እያያያዙ በሬና ሞፈር፣ መኪና፣ ከሁሉም ይልቅ አይሮፕላን ይሠሩበታል። ሲሪንቃ በወልድያና በመርሳ መካከል በአውራ ጎዳናው ላይ ያለች፣ በእርሻ ምርምር ማእከሏም የታወቀች የማሽላ አገር ስለሆነች ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕቃ አይታጣባትም። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ወላጅና ልጅ ከሥራ በተረፈ ሰዓት አብረው ተቀምጠው አንድ የታወቀ የጦር አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለውን፣ በልኩ አሳንሰው እንዴት ሊሠሩትና ሊቀቡት እንደሚችሉ ልናስረዳ አስበናል።

ይህን ስንል የሚነሣውን ጥያቄ አንዘነጋውም። «ስንት የሚሠራ ነገር ሳለ ለክርስቲያን ልጅ የጦር መሣሪያ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይልቁንም በወሎ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከማይጨውም ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረውን ሠራዊት በሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ፈጅተውታል። ከዚያ ዘመን ሰው የተወለደ ቤተ ሰብ የአይሮፕላን ድምፅ በልጁ አፍ ሲሰማ ቢከፋው አይፈረድበትም።

እኛ ግን የምንለው እንዲህ ነው፤ ልጁ አይሮፕላን መሥራቱን አይተውም። ስምና አገር የሌለው አይሮፕላን ሠርቶ፣ በአፉ እየጮኸ በግቢው ውስጥ ዶሮዎቹን ሲያሳድድ ይውላል። በማስመሪያ ለክቶ የሠራ ልጅ ግን «ይህ መቀመጫ ለምን ሁለት ሆነ? ከኋላ የተቀመጠው ማን ነው? በክንፉ ሥር የተንጠለጠለውስ ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ወላጁ የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይገባል። ፖቴዝን የመረጥነውም የራሳችን አገር ታሪክ ስላለበት ነው፤ ታሪኩም የሚያስደስት ብቻ አይደለም።

ፖቴዝ 25 በፈረንሳይ አገር የተሠራ፣ አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ የተደረበለት፣ ሁለት ሰው የሚይዝ አይሮፕላን ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ከእነዚህ አንዱን አዲስ አበባ ላይ ባሳረፈ ጊዜ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አይሮፕላኗን አገኘች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል የሚቆጠሩት አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍም ሙያውን የተማሩት በፖቴዝ ነው።

ይሁን እንጂ አይሮፕላኑ ወደ አገራችን ከገባ ገና በስምንተኛው ወሩ ለጦርነት ተነሣ፤ የተነሣውም በባዕድ ጠላት ላይ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የንጉሥ ተፈሪ ሠራዊትና የበጌምድሩ ገዥ የራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት አንቺም ላይ ገጠሙ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አይሮፕላኖቹ አስቀድመው የጣሉት ወረቀት ነው፤ በወረቀቱም የራስ ጉግሣን ዐመፅ የሚኮንንና የሚከተሏቸውን ሁሉ የሚያወግዝ የጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስ ቃል ነበረበት። ከወረቀቱ በኋላ ቦምብ ወረደ። በሰማይ ላይ የሚሄድ መኪና አይቶ የማያውቀው ገበሬ ወታደር ተደናገጠ፤ ሰልፉም ተበተነ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ። በሁለቱም ወገን የተሰለፈው ሰው ወገን ለወገን ነበር፤ ብዙውም ያንኑ ጾም የሚጾም ነበር። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ያን ጊዜ ሰማዩ በሙሉ የጠላት ነበር። የእኛ አይሮፕላኖች በቍጥር ከደርዘን ብዙ የማይበልጡ፣ ለውጊያም የማይበቁ ስለ ነበሩ መልእክትና ሐኪም ከማመላለስ አላለፉም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የእውነተኛው ፖቴዝ የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር ከ14 ሳንቲም ነው፤ ርዝመቱም ከአፍንጫው እስከ ጭራው 9 ሜትር ከ10 ሳንቲም ያህል ነው። በውጭ አገር ከፕላስቲክ የሚገጣጠሙት ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ሰባ ሁለተኛ ተደርገው ያንሳሉ። ይህ ልክ የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ ስድስት ጫማ ቁመት ያለው ሰው በዚህ ልክ አንድ ኢንች ይሆናል። ለአገዳ ግን ይህ በጣም ስለሚያንስ፣ እኛ አንድ ሃያ አራተኛውን እንመክራለን። ልጁ ራሱ ያካፍለው፤ 14 ሜትር ከ14 ለ24 ሲካፈል 59 ሳንቲም፣ 9 ሜትር ከ10 ሲካፈል 38 ሳንቲም ያህል ይመጣል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ አብራሪ 7 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት ማካፈልን ስንት ጊዜ ተምሮ ለምን እንደሚጠቅመው ሳያይ ይቀራል!

አገዳው ከታጨደ በኋላ በጥላ ሦስት ሳምንት ያህል ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ የደረቀው ይጣመማል። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለውን ቀጥ ያለውን ክፍል መርጦ ቅርፊቱን በስለታም ቢላዋ በቀጭኑ መላጥ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራና ተጣጣፊ ስለሆነ የክንፉ አግዳሚና የጎድን አጥንት ይሆናል፤ ነጩ ውስጡ ደግሞ ለስላሳና ቀላል ስለሆነ ለአካሉ መሙያ ያገለግላል። ለማያያዣ የግራር እሾህ፣ ለማጣበቂያ በሞቀ ውሃ የተበጠበጠ የግራር ሙጫ ይበቃል። የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ያጠረና የጠበበ መሆን አለበት፤ ሁለቱን እኩል ያደረገ ሰው የሠራው ሌላ አይሮፕላን ነው እንጂ ፖቴዝ አይደለም። በሁለቱ ክንፎች መካከል ከቅርፊቱ የተቈረጡ ቋሚዎች ይቆማሉ፤ ከዚያም በክር በሰያፍ ይወጠራሉ። ክሩ ለጌጥ የተደረገ አይምሰላችሁ፤ በእውነተኛውም አይሮፕላን ላይ ክንፉን አጽንቶ የሚይዘው እንዲህ ያለው የብረት ሽቦ ነው።

አፍንጫው ከሌላው ይለያል። ብዙዎቹ ፖቴዞች 450 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዐሥራ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በሦስት ረድፍ የተሰለፉ የሎሬን ሞተር ነበራቸው፤ ስለዚህም ፊቱ ከበድ ብሎ በብረት የተሸፈነ ነው። ለዚህ ከቲማቲም ጣሳ የተቈረጠ ቆርቆሮ ይሆናል፤ መቍረጡን ግን ትልቅ ሰው ይሥራው። ለጎማ ሁለት የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ብታደርጉ ለዚህ ልክ ይቀርባል።

ክንፉን ለማልበስ ስስ ወረቀት ፈልጉ። ወረቀቱን በአጽሙ ላይ በሙጫ ከለጠፋችሁ በኋላ፣ ሙጫው ሲደርቅ፣ በረጠበ ጥጥ ቀለል አድርጋችሁ አብሱት። ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። በዚህ ጊዜ ክንፉ እንዳይጣመም በአራቱ ማዕዘን ክብደት ይደረግበት። ችኮላ ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀለም ስትቀቡ መወፈሩን ፍሩት። እውነተኛው ፖቴዝ ክንፉ ጨርቅ የለበሰ ስለ ነበረ የጎድን አጥንቱ ከጨርቁ ሥር ይታያል፤ ወፍራም ቀለም ይህን ሁሉ ይቀብረዋል፣ ወረቀቱንም ያረግበዋል። አስቀድሞ የቀጠነ ሙጫ አንድ ጊዜ ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያ ቀለሙን ሁለት ጊዜ በስሱ መደረብ ይሻላል። ለአፍንጫው የቆርቆሮ በር የሚቀባበት የብር ቀለም ይስማማዋል። የክንፉንና የጭራውን ምልክት ከጊዜው ፎቶግራፍ እያያችሁ ሥሩት፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ በጥቁርና በነጭ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ቀይን በማያይ ፊልም የተነሣ መሆኑን አስታውሱ። በእንዲህ ያለው ፊልም ቀዩ ጥቁር ይመስላል፣ ቢጫውም ይጠቍራል፣ ሰማያዊው ግን ይነጣል። ስለዚህ የሰንደቅ ዓላማችን ሦስት ቀለም በፎቶግራፉ ላይ ሁሉም ጠቈር ብሎ ቢታያችሁ አትደናገሩ።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ሙከራ እንድታደርጉ እንጠይቃለን። በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኀይል የአገሩን ተማሪዎች 500,000 ትንንሽ የጦር አይሮፕላኖች ከእንጨት እንዲሠሩለት ጠይቆ ነበር። ሁሉም አንድ ሰባ ሁለተኛ ሆነው ጥቁር ቀለም ተቀቡ፤ ወታደሮች ከሩቅ እያዩአቸው የወገኑን ከጠላቱ መለየት እንዲማሩ ነው። በ10 ሜትር ርቀት የታየው ትንሹ አይሮፕላን በ720 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ትልቁን ያህል ይታያል። በእኛም ልክ እንዲሁ ነው፤ ልጁ ፖቴዙን ይዞ ከግቢው ጫፍ ከፍ ያለ ነገር ላይ ይቁም፤ ወላጁም 20 ሜትር ርቆ ይመልከት። ያየው በ480 ሜትር ላይ ያለ አይሮፕላን ነው። ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ። የአንቺም ወታደር ቀና ብሎ ያየው ይህን የሚመስል ነገር ነበር፤ ከዚህ ርቀት የአብራሪው ፊት አይለይም።

በሲሪንቃ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ይህንኑ ሲሠሩ በመጨረሻው ላይ እንዳልተስማሙ ሰምተናል። ልጁ ከክንፉ ሥር ቦምቦቹን ከጭቃ ሠርቶ አንጠለጠለ፤ በኋለኛውም መቀመጫ በጥፍር ልክ የተቈረጡ ወረቀቶች ከመረ። አባትየው «ልጄ፣ ቦምቡ ይቅር፤ ወረቀቱ ይበቃል» አሉት። ልጁም «አባዬ፣ ታዲያ ሰዎቹ በምን ሞቱ ልበል?» አላቸው። እኛ የምንፈርደው ለልጁ ነው። ቦምቡን አውልቀን የአንቺምን ፖቴዝ ማሳየት አይቻለንም።

ቦምብ የሌለበት ፖቴዝ የሚፈልግ ቤተ ሰብ ግን ሌላ እውነተኛ ታሪክ አለለት። በዚያው በ1922 ዓ.ም. በሰኔ ወር አንሪ ጊዮሜ የተባለ ፈረንሳዊ በዚሁ ዓይነት ፖቴዝ 25 ከቺሊ ወደ አርጀንቲና ደብዳቤ ጭኖ ሲሄድ በበረዶ ማዕበል ምክንያት በአንዲስ ተራሮች መካከል ወደቀ፤ አምስት ቀን በበረዶ ላይ በእግሩ ተጕዞ በሕይወት ወጣ። ያን ለመሥራት የሚወድ በኋለኛው መቀመጫ የደብዳቤ ከረጢት ያስቀምጥ፤ መትረየሱንም ይተወው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ትንሽ አይሮፕላን የጦር አይሮፕላን አይደለችም። በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሠራት፤ ኢጣልያ ወስዳ በቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የአየር ኀይሏ ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመት ካቆየቻት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መለሰቻት። ፖቴዙን የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ እርሷን ቢጀምር ደስ ይለናል፤ አንድ ክንፍ ብቻ ስላላት ሥራዋም ይቀላል።

አገዳ ነቀዝ ስለሚወድድ የተጠናቀቀውን አይሮፕላን ከእህል ጎተራ አርቁት። በክር ከጣሪያው ላይ ስታንጠለጥሉትም ከምድጃው ጢስ ራቅ ይበል፤ ጢሱ ከነቀዝ ቢያድነውም የብሩን ቀለም በአንድ ክረምት ያጠቍረዋል። ክሩን ከላይኛው ክንፍ መካከል እንጂ ከጫፉ አትሰሩት።