የፎገራን ካዝና ማን ይጠብቅ?

ወገን! አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። በፎገራ ወረዳ ምክር ቤት ቀበሌያችሁን የሚወክለው ሰው ማን ይባላል?

ዝም አላችሁ አይደል? አንፈርድባችሁም። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ፤ በ2013 የመረጥነውም ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት እንጂ ለወረዳ አይደለም። በ2005 አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል። የወረዳ ምርጫ የሚባል ነገር ግን አይቶ አያውቅም።

እኛም ጥፋት አለብን። ስለ አራት ኪሎ ስንሟገት እናመሻለን፤ ወረታ ላይ ስለሚጸድቀው በጀት ግን የሚጠይቅ የለም። ክልሉ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። የትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የግብርና ባለሙያውን ገንዘብ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። የበጀቱ አብዛኛው እጅ ለደመወዝ ይሄዳል። እንግዲህ የምትተርፈው ትንሿ ብር ናት ጉዳዩ፤ እሷም ከባከነች ድልድዩም፣ የውኃ ጉድጓዱም ለከርሞ ነው።

ስለዚህ ነው ከወረታ ጠበቆች አንዱ ተነስቶ «ለወረዳ ምክር ቤት እወዳደራለሁ፤ የምገባውም የሕዝብን ብር ለመጠበቅ ነው» ቢል ልንሰማው የሚገባን። ጠበቃ መልአክ ነው እያልን አይደለም። ግን ውል አንብቦ ቀዳዳውን ያውቃል፤ የጨረታ ሰነድ አያስደነግጠውም፤ «ደረሰኙ የታለ?» ማለት የዕለት ሥራው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ባደግንበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የወረዳው አስተዳዳሪ እኮ የሚመረጠው ከዚያው ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ወንድም ወንድሙን «ሂሳብ አምጣ» ይለው ዘንድ ድፍረትም እውቀትም ይፈልጋል።

ግን ልብ በሉ! «ቆጣቢ ነኝ» ያለ ሁሉ ቆጣቢ አይደለም። ጉማራና ርብ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። የጎርፍ መከላከያውን ሥራ ሰርዞ «ወጪ ቀነስኩ» የሚል ሰው ያቆጠበው ነገር የለም። ሩዙ ማሳው ላይ ሲሰጥም፣ ከብቱ መግቢያ ሲያጣ ወጪው እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፤ ከፋዩም ገበሬው ነው። እውነተኛ ቆጣቢ መቀስ የሚያነሳው ከውሎ አበሉ፣ ከስብሰባው ድግስ፣ ከኃላፊው መኪና ነዳጅ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ገበሬው ሩዙን ለመዝራት ሲሯሯጥ፣ ቢሮው «በጀት እንዳይመለስብን» ብሎ ለግዢ የሚሯሯጥበትን ልማድ የሚያስቆም ሰው ነው የምንፈልገው።

አይቻልም የምትሉ ካላችሁ አቶ ክርስቲያን ታደለን አስታውሱ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የአብን ተመራጭ ሆነው የፓርላማውን የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በሰብሳቢነት መርተዋል። የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዘው ባለሥልጣናትን ፊት ለፊት ጠይቀዋል። በ2015 ክረምት፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ታሰሩ። የታሰሩት ወጪ ስለጠየቁ ነው አንልም፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኛ የምንለው፣ የተቃዋሚ ተመራጭ የመንግሥትን ሂሳብ ሲመረምር በዓይናችን አይተናል ነው። ፓርላማ የተቻለው ወረታ ላይ ለምን ያቅታል?

የምርጫውን ቀን ምርጫ ቦርድ ይቁረጠው፤ ዝግጅቱ ግን የእኛ ነው። ዕጩ ሆኖ የሚመጣውን ሁሉ፣ የእኛም ሰው ቢሆን፣ ሦስት ነገር ጠይቁት። በጀቱን በየቀበሌው ለጥፈህ ታሳየናለህ? ለመዋጮ ለከፈልነው ገንዘብ ደረሰኝና ሪፖርት ታቀርባለህ? የመጀመሪያው ቅነሳህ ከማን ኪስ ነው?

መጠየቅ ደግሞ ልመና አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12ም የመረጥነውን ሰው አመኔታ ስናጣበት ከቦታው ልናነሳው እንደምንችል ይደነግጋል።

የወረታ የሕግ ሰዎች፣ ተነሱ! እናንተም ወጣቶች፣ ከነገ ጀምሮ ወረዳው ሄዳችሁ የዘንድሮውን በጀት አሳዩን በሉ። «የለም» ካሏችሁም ያንኑ በጽሑፍ ስጡን በሏቸው።