ጭራቅ ለገደለ ስንት ይከፈለው?

የማኅበራችን የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች አንድ የዋሻ ጨዋታ ለመጻፍ ከተነሣን ወዲህ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያከራከረን አንድ ሠንጠረዥ ነው። ይኸውም እያንዳንዱ ጭራቅ ሲገደል ለተጫዋቹ ስንት የልምድ ነጥብ ይሰጠው የሚለው ነው። ነገሩ ለሚሰማው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን የሽልማት ነገር በጨዋታም ቢሆን ቀላል አይደለም ስለምንል አሳባችንን በዚህ ገጽ ለመግለጽ ወደድን።

በቅድሚያ ነገሩን ለማያውቁት እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ፣ እንደ እኛው ተማሪዎች የነበሩ ወጣቶች፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ክሩዝ «ሮግ» የተባለውን ጨዋታ ጻፉ። በዚህ ጨዋታ ዋሻው በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠራል፤ ጭራቆቹ በ26ቱ የላቲን ፊደላት ይወከላሉ፤ የሞተ ተጫዋች አይነሣም፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ የተጻፉት ሁሉ ሮግ መሰል ጨዋታዎች ይባላሉ። በብዙዎቹ ተጫዋቹ ጭራቅ ሲገድል ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃው ከፍ ይላል፤ ደረጃው ከፍ ሲል ጉልበቱ ይጨምራል።

እኛ በመጀመሪያው ሙከራችን ለማንኛውም ጭራቅ 5 ነጥብ እንዲከፈል አደረግን። እኩልነት መስሎን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ግን በአንደኛው ወለል ተቀምጦ ሳያቋርጡ የሚመጡትን አይጦች ሲገድል አደረና ሲነጋ ወደ ታች ወርዶ ዘንዶውን በሦስት ምት ጣለው። «ደስ አለህ ወይ?» ብለን ብንጠይቀው «እንቅልፌ መጣ» ሲል መለሰልን። እርሱ ምንም አላጠፋም። ሠንጠረዡ ያዘዘውን ፈጸመ እንጂ። በመግቢያው ላይ ጀግና ሁን ብለን ጽፈን ነበር፤ ዳሩ ግን የምንከፍለው ለአይጥ ገዳይ ስለ ነበረ ተጫዋቹ የሰማው ጽሑፋችንን ሳይሆን ክፍያችንን ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት ደራሲዎች ይህን ችግር በልዩ ልዩ መንገድ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር በዎርዊክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «አንግባንድ» የጭራቁን ዋጋ በጭራቁ ደረጃ ያባዛና በተጫዋቹ ደረጃ ያካፍለዋል። ለምሳሌ ዋጋው 30፣ ደረጃው 10 የሆነ ጭራቅ ደረጃው 5 ለሆነ ተጫዋች 60 ነጥብ ይሰጣል፤ ደረጃው 30 ለደረሰው ግን 10 ብቻ ነው። ሒሳቡ ደግ ነው፤ ብርቱው ደካማውን በመምታት ብዙ እንዳያተርፍ ያደርጋልና። ነገር ግን በር ሁሉ አልተዘጋም። በዚያው ጨዋታ እየተራቡ የሚበዙ የትል መንጋዎች አሉ። ክፍያው ቢያንስም ትሉ አያልቅምና ትዕግሥት ያለው ሰው ከእነርሱ ነጥብ ሊለቅም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ኔትሃክ» ደግሞ መነሻውን የሚያሰላው የጭራቁን ደረጃ በራሱ አባዝቶ 1 በመጨመር ነው። የአንደኛ ደረጃ ጭራቅ 2፣ የ10ኛ ደረጃ ጭራቅ 101 ነጥብ ያስገኛል ማለት ነው። ተጫዋቹ 10ኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ 5120 ነጥብ ያስፈልገዋል። በዚህ መነሻ ላይ የሚጨመረውን ሁሉ ካልቆጠርን፣ በትንንሾቹ ቢሄድ 2560 ጊዜ መግደል አለበት፤ በትልልቆቹ ቢሄድ ግን 51 ይበቁታል። ይሁን እንጂ ጥቁር ፑዲንግ የተባለው የ10ኛ ደረጃ ጭራቅ በብረት መሣሪያ ሲመታ ለሁለት ይከፈላል። ተጫዋቾች ይህን ሲያውቁ እንደ ከብት ያረቡት ጀመር። ስለዚህ ጨዋታው ተከፍለው ለበዙትና ሞተው ለተነሡት ሌላ ሕግ አለው፤ ከዚያ ዓይነት የተገደሉት እስከ 20 ሲሆኑ ሙሉ፣ ለሚቀጥሉት 20 ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 40 ሩብ እያለ ክፍያው ይወርዳል።

ሮግ ራሱ የተጠቀመበት መሣሪያ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነበር። እርሱም ረኀብ ነው። ተጫዋቹ ካልበላ ይሞታል፤ ምግብ የሚያገኘውም ወደ ታች እየወረደ ስለ ሆነ በአንድ ወለል ተቀምጦ መክረም አይሆንለትም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ተቀምጦ የለፋ ሰው ድካሙ ለምን ይነፈገዋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉናል። ተረቱ እውነት ነው። ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ውስጡ ስለ ተለወጠ ነው እንጂ ቀን ስለ ተቆጠረለት ብቻ አይደለም። ሺህኛውን አይጥ የገደለ ሰው ከመቶኛው በኋላ የተማረው ነገር የለም። ሮግ መሰል ጨዋታ ደግሞ የሞተውን ከመጀመሪያው የሚመልስ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከሞት በኋላ ለተጫዋቹ የሚተርፈው በራሱ አእምሮ የያዘው ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ «እንግዲያውስ ነጥቡ ይቅር» ይላሉ። ምሳሌያቸውም ብራያን ዎከር የጻፈው «ብሮግ» ነው። በዚህ ጨዋታ ጉልበት የሚገኘው በየወለሉ ከሚገኙት ዕቃዎች እንጂ ከመግደል አይደለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ጭራቅ ባየ ቁጥር መዋጋት ይጠቅመኛል ወይስ መሸሽ ብሎ ያስባል። ይህ ትልቅ ትምህርት መሆኑን አንክድም። ሆኖም ከእርሱ የበረታውን ገጥሞ ያሸነፈ ጀማሪ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አንፈልግም። አንበሳ የገደለ ቢፎክር ማን ይከለክለዋል?

እንግዲህ በበኩላችን ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ክፍያው በጭራቁ ብርታትና በተጫዋቹ ደረጃ ይመዘን። ሁለተኛ፣ ከአንድ ዓይነት የተገደሉት በበዙ ቁጥር ክፍያው ይውረድ፤ ተከፍለው ለበዙት ከነጭራሹ አይከፈል። ሦስተኛ፣ አዲስ ወለል ላይ መጀመሪያ ለደረሰ ተጫዋች ዳጎስ ያለ ነጥብ ይሰጠው፤ ጭራቁን በጥበብ አታልሎ ያለፈም ከገዳዩ ወደ ኋላ እንዳይቀር።

መምህራኖቻችንም ይህን ሠንጠረዥ ከፈተና ወረቀት ጋር ቢያስተያዩት ደስ ይለናል። ያው ጥያቄ በየዓመቱ ሲመላለስ፣ የአምናውን መልስ የሚያጠና ተማሪ በአንደኛው ወለል አይጥ ሲገድል እንደሚያድረው ጓደኛችን ነው። በእርሱም ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ የሚከፈለው ለምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ክበቡ በሠንጠረዡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። የሚቃወመን ቢኖር የራሱን ሒሳብ ይዞ ይምጣ፤ ከእኛ የተሻለ ሆኖ ብናገኘው በዚሁ ገጽ እናወጣለታለን።