ጤናና ኑሮ፦ ከስፌቱ በኋላ ያሉት ቀኖች

ከባሕር ማዶ የሚመጡ ባለሥዕል መጽሔቶችን ያገላበጠ አንባቢ፥ ስልሳ ዓመት የሞላት ወይዘሮ ፊቷን በቀዶ ሕክምና አስወጥራ የአርባ ዓመት ሴት መስላ የታየችበትን ፎቶግራፍ ሳያይ አልቀረም። ሐኪሙ በጆሮዋ ዙሪያ ቆዳዋን ይሰነጥቅና የላላውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ፥ ትርፉን ቆርጦ ይሰፋዋል። አንደኛው ፎቶግራፍ ከሕክምናው በፊት፥ ሁለተኛው ከሕክምናው በኋላ የተነሣ ነው። በሁለቱ መካከል ስላሉት ሳምንቶች ግን መጽሔቱ አንዳች አይናገርም።

በእነዚያ ሳምንቶች ፊት ያብጣል፥ ይበልዛል፤ የጉንጭና የጆሮ አካባቢ ቆዳም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ከቆዳው ሥር ደም የተቋጠረ እንደ ሆነ ወይዘሮዋ ተመልሳ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ትገባለች፤ ከዚህ ሕክምና መዘዞች በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ የተሰፋው ቆዳ ደም አንሶት ጠርዙ ሊሞትበት ይችላል። ጠባሳው ለስልሶ እስኪፈዝ ድረስ እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይታጣም። እውነት ነው፥ በፎገራ ሜዳ ፊቱን ለውበት የሚያሰፋ ሰው ቢፈለግ አይገኝ ይሆናል። ነገር ግን በዚያው በሰው ፊት ላይ የሚሠራ አንድ ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እርሱም በወረታና በዙሪያዋ ላሉ ብዙ እናቶች የብርሃንና የጨለማ ጉዳይ ነው። ይኸውም የተቀለበሰ የዓይን ቆብ ሕክምና ነው። ዓላማቸው ቢለያይም ቁስሉ የሚድንበት ሕግ ግን አንድ ነው።

ትራኮማ፥ ወይም ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለው በሽታ፥ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚተላለፍ ነው። በልጅነት እየደጋገመ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰላል። ከዓመታት በኋላ ያ ጠባሳ ፀሐይ እንዳደረቀው ጠፍር እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፈገፍጋል፤ ብሌኑም እየቆሰለ ይደፈርሳል፥ በመጨረሻም ይታወራል። በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት፥ ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው አዋቂዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ተገምቶ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከተመረመሩት ሕፃናት ከመቶ ከ60 የሚበልጡት በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው የመድኃኒት እደላና የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ቁጥሩ በብዙ ቀንሷል፤ ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም። ሕፃናቱን አቅፈው የሚውሉት እናቶች ስለ ሆኑ፥ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል።

በወረታ ከተማ በጸሓፊነት የሚሠራ አንድ ወጣት አውቃለሁ። እናቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጣና በኩል ባለ ቀበሌ ይኖራሉ። እኒህ እናት ወረንጦ በማተባቸው ላይ አንጠልጥለው ስንት ዓመት ኖረዋል። ጸጉሩ ዓይናቸውን ሲወጋቸው ጎረቤት ጠርተው ያስነቅላሉ፤ ለጥቂት ቀን ያርፋሉ፤ ከዚያም አጭርና ሸካራ ሆኖ ይበቅልና እንደ ገና ይወጋቸዋል። ልጁ ደመወዝ በተቀበለ ሰሞን ወደ ቤት ሄደና፦

«እማዬ፥ ነርሷ አንድ ጠዋት ይበቃታል ብላለች፤ ነገ ይዤሽ ልሂድ» አላቸው።

«ጠዋቱስ ይሁን ልጄ» አሉት እናቱ፤ «ከዚያ በኋላ ያለውን እንጀራ ማን ይጋግረዋል?»

ልጁ በዚያን ጊዜ ስቆ አለፈው። የእናቱ ጥያቄ ግን የጉዳዩ ሥር ነበር።

ሕክምናውስ እንደ ተባለው አጭር ነው። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ጠርዙም ወደ ውጭ ዞሮ በክር ይያዛል። ለአንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በአማራ ክልል ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። በማግሥቱ ፋሻው ይነሣል፤ የዓይን ቅባት ይሰጣል፤ ክሩ በራሱ የማይሟሟ ከሆነ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል።

ነርሷ ሥራዋን በዚህ ትፈጽማለች፤ ሰውነት ግን ሥራውን ገና መጀመሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደሙ ይረጋል፥ ቁስሉም ያብጣል፤ ይህ እብጠት ሰውነት ራሱን የሚጠብቅበት ዘበኛ ነው። ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ አዲስ ሥጋ መሙላት ይጀምራል። ፊት ብዙ የደም ሥር ስላለው ከእግርና ከእጅ ይልቅ ፈጥኖ ይድናል። ይሁን እንጂ የተሰፋ ቆዳ በሦስተኛው ሳምንት ያለው ጥንካሬ ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ወር ከመቶ 80 ያህል ይደርሳል፥ ከዚያ በላይ ግን እምብዛም አይሄድም። እንግዲህ ሕመሙ በሳምንቱ ስለ ጠፋ ድኛለሁ የሚል ሰው ጅማሬውን ከፍጻሜው ጋር አምታቷል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ?

ወደ ወጣቱ እናት እንመለስ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ጎረቤት እየጋገረችላቸው አረፉ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቲቱ ልቅሶ ሄደች፤ እርሳቸውም እሳት አነደዱ። ጢሱ ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው በነጠላቸው ጫፍ አሹት። በስድስተኛው ቀን ቆቡ ቀልቶ መግል ያዘ። ሰፈርተኛው ቅቤ ይቀባ፥ ቅጠል ይጨመቅበት ይል ጀመር። ደግነቱ ልጁ በዚያው ዕለት መጥቶ ኖሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟቸው ሄደ፤ መድኃኒት ተሰጣቸውና ዓይናቸው ተረፈ። አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ ቃል በጻፍሁት ነበር።

ስለዚህ ደኅናውን ምልክት ከክፉው መለየት ይገባል። ቆቡ ማበጡና መበለዙ፥ ክሩ ጥቂት መቆርቆሩ፥ ጠርዙም በመጀመሪያ ከልክ በላይ ወደ ውጭ የዞረ መምሰሉ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ እየዋለ እያደረ ይስተካከላል። ነገር ግን ሕመሙና ቅላቱ እየቀነሰ በመሄድ ፋንታ የጨመረ፥ መግል የወጣ፥ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ቢይዙት ደሙ አልቆም ያለ፥ ዓይን አልከደን ያለ ወይም እይታ የቀነሰ እንደ ሆነ፥ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም። ከሳምንታት በኋላ በቆቡ ውስጥ ትንሽ ቀይ ሥጋ ቢበቅል ደግሞ «ሕክምናው ከሸፈ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ቆቡ ደንዝዞ በጥቂት ደቂቃ የሚቆረጥ ነገር ነው።

ከመዘዞቹ ሁሉ ዋነኛው የጸጉሩ ተመልሶ መምጣት ነው። በአማራ ክልል በ1,000 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት አሠራር አወዳድሯል። ቆቡ ከውስጥ በኩል ብቻ ከተሰነጠቀላቸው ሰዎች ከመቶ 13፥ ውስጡም ውጩም ከተሰነጠቀላቸው ደግሞ ከመቶ 22 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ጸጉሩ ተመልሶባቸዋል። በኢትዮጵያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናትም፥ ከቀዶው በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን የተሰጣቸው ሰዎች ቅባት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ ጸጉሩ የተመለሰባቸው በአንድ ሦስተኛ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ የጸጉሩ መመለስ እርግማን አይደለም፤ የታማሚዋም ኃጢአት አይደለም። ይልቁንም ቶሎ ከታየ መፍትሔ አለው። ክፉው ነገር፥ በሽተኛዋ አፍራ ዝም ማለቷና በስውር ወደ ወረንጦዋ መመለሷ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

አሁን ቃሌ ለእናንተ ለተማሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች ነው። እናቱን ወይም አክስቱን ወደ ሕክምና የሚወስድ ሰው የመኪና ገንዘብ ስለ ከፈለ ብቻ ግዴታውን ፈጸመ አይባልም። ከሁሉ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ማን እንደሚጋግር፥ ውሃ ማን እንደሚቀዳ ይወሰን። ወቅቱም ይታሰብ፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው መንገድ ይቆርጣሉ፥ ክሩን ለማስወጣት መመለስ ይቸግራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሩዙ አጨዳና ውቂያ አቧራና እብቅ አለ። ምርቱ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ለዕረፍት ይመቻል። ሆኖም ጸጉሩ ብሌኑን መፈግፈግ ከጀመረ ወቅት አይመረጥም፤ ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ቅባቱ በታጠበ እጅ ይደረግ፤ ዓይኑ አይታሽ፤ የቀጠሮውም ቀን በወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በስድስተኛው ወር ዓይኑ ባያምም እንኳ ተመልሶ ይታይ። በቤት ያሉት ሕፃናትም ፊታቸውን በየቀኑ ይታጠቡ፤ የአያታቸው ዕጣ እንዳይደርሳቸው።

ወጣቱ ከዚያ በኋላ እናቱን ወደ ወረታ አምጥቶ አንድ ወር ከራሱ ጋር አኖራቸው፤ እንጀራውንም ከገበያ ገዛ። በስድስተኛው ወር አንዲት ጸጉር በዓይናቸው ጥግ ታየች። እናቱ ግን በዚህ ጊዜ ጎረቤት አልጠሩም፤ ለልጃቸው ነገሩት። ነርሷም በንጹሕ መሣሪያ ነቅላ ሌላ ቀጠሮ ሰጠቻቸው። ወረንጦው ዛሬም ከማተባቸው ላይ አለ፤ እሾህ ያወጡበታል።