ሲኤንሲ ማሽን ልክ ሲስት፦ መጀመሪያ ሜትር፣ ከዚያ ኮምፒውተር

ለዛሬው አምዳችን ሐደራ፣ ናሕሊኤል ሰፈር ከሚኖሩ አንድ አባት የደረሰንን ጥያቄ መርጠናል፦

«ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ባጠራቀመው ገንዘብ ትንሽ ሲኤንሲ ገዛ። ለአያቱ የጌጥ ሣጥን ሊሠራላቸው ጀመረ፤ ግን ማዕዘኖቹ አይገጥሙም። ሦስት ኮምፔንሳቶ አበላሸና ‹ይሄ ነገር ለኛ አይሆንም› ብሎ ማሽኑን በጨርቅ ሸፈነው። እኔ ግንባታ ነው የምሠራው፤ ኮምፒውተር አላውቅም። ምን ልርዳው?»

አባታችን፣ የሚረዱት ብዙ ነገር አለ። ሲኤንሲ ማለት እኮ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ነው፤ አእምሮው ኮምፒውተር ቢሆንም አካሉ ብረት፣ ብሎንና ቺንጋ ነው። ብዙውን ጊዜ ልክ የሚስተውም አካሉ ነው። ልጁ ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥር ከመለወጡ በፊት ሜትርና ስኳድራ ይዛችሁ አብራችሁ ቅረቡ።

ሣጥኑን ለጊዜው ተዉት። ከቁርጥራጭ እንጨት ሁለት ካሬ ቁረጡ፤ የአንዱ ጎን 50 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 100። አንድ ክብም ጨምሩ። ከዚያ በካሊፐር ለኩና ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ስሕተቱ ራሱ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል።

ስሕተቱ በትንሹም በትልቁም ካሬ እኩል ከሆነ፦ ፑንታውን ጠርጥሩ። ብዙ ትንንሽ ፑንታዎች በኢንች ልክ የተሠሩ ስለሆኑ ውፍረታቸው 3.175 ሚሊ ሜትር ነው። ልጁ «3» ብሎ ሞልቶ ከሆነ የእንጨቱ ጥርስ በ0.175 ይቀጥናል፣ የሚገባበት ክፍተት ደግሞ በዚያው ልክ ይሰፋል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሣጥን እንዲወላለቅ ይሄ ይበቃል። መድኃኒቱ ትክክለኛውን ውፍረት መሙላት ብቻ ነው።

ስሕተቱ ከርዝመቱ ጋር ካደገ፦ 50ው ላይ ግማሽ፣ 100ው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ከጎደለ፣ ሞተሩ ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚራመደው የእርምጃ ቁጥር ተዛብቷል። ማሽኑን 200 ሚሊ ሜትር ሂድ በሉትና የሄደውን ለኩ። የድሮውን ቁጥር በ200 አባዙ፣ በለካችሁት አካፍሉ። ለምሳሌ ቁጥሩ 80 ሆኖ የሄደው 198 ከሆነ አዲሱ 80.81 ይሆናል። ጂአርቢኤል በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ $100 የኤክስ፣ $101 የዋይ ቁጥር ነው። ግን ይሄን የምትነኩት ከዚህ በታች ያሉትን ካጠበቃችሁ በኋላ ነው። አለበለዚያ የላላውን ብሎን በቁጥር ሸፈናችሁት ማለት ነው።

ጎኖቹ ልክ ሆነው ካሬው ከተጣመመ፦ ይሄ የእርስዎ ሞያ ነው። የ100ው ካሬ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም በኩል 141.4 መሆን አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ሞተሩን ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ግንባታ ላይ መሠረት ሲወጣ በገመድ 3፣ 4፣ 5 እንደምትሉት፣ እዚህም 300 በ400 ላይ አራት ቀዳዳ ብታስበሱት ሰያፉ 500 ሊመጣ ይገባል። ብሎኖቹን አላልተው ድልድዩን አስተካክሉና መልሳችሁ አጥብቁ።

ክቡ እንቁላል ከመሰለ ወይም አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ ጠፍጣፋ ካለው፦ የሆነ ነገር ልል ነው። መቁረጫው ሞተር ከኤሌክትሪክ ይነቀል። ከዚያ ራሱን በእጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት፣ ሳቡት። ከተነቃነቀ ቺንጋውን፣ ትንንሾቹን ጎማዎችና ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘውን ትንሽ ብሎን ፈትሹ። ያቺ ብሎን ከላላች ብዙ ታስቸግራለች።

ቁርጡ መሐል ላይ ድንገት ከዘለለ፦ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ታዟል፣ ፑንታው ደንዟል፣ ወይም ገመዱ የሆነ ቦታ ይይዘዋል። ፍጥነቱን ቀንሱ፤ በአንድ ዙር ከፑንታው ውፍረት ግማሽ በላይ አትውረዱ። መጨረሻ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ በቀላል ዙር ብታስጨርሱት ጠርዙ ይጠራል።

እንጨቱንም አትመኑት። 6 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠ ኮምፔንሳቶ ሲለካ 5.6 ሊሆን ይችላል። ሐደራ ደግሞ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል። ስለዚህ ሁሉንም ጣውላ በሚቆረጥበት ቀን ለኩት።

አንድ ሕግ አትርሱ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ከዚያ እንደገና ካሬ ቁረጡ። ሦስት ነገር አብራችሁ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

ደኅንነትንም በተመለከተ፣ የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ የግድ ነው። ማሽኑን ማማድ ውስጥ አታስቀምጡ። አየር የማይገባበት ክፍል የእንጨት ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ማማድም ለአደጋ ጊዜ ዝግጁ መሆን አለበት። ጎረቤት የሚያርፍበትን ከ14:00 እስከ 16:00 ያለውን ሰዓትም አክብሩ።

«ለኛ አይሆንም» ላለው ልጅ ደግሞ አንድ ቃል። በጎንደር ወላጆቻችንና አያቶቻችን በብረት ሥራ፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንብ የታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ። ያኔ ልኩ በስንዝርና በክንድ ነበር፤ ዛሬ በሚሊ ሜትር ሆነ እንጂ ሞያው ባዕድ አይደለም። የተበላሹት ሦስት ኮምፔንሳቶዎች እንዳይጣሉ፤ ለሙከራ የሚሆኑ ብዙ ካሬዎች ይወጣቸዋል። በየካሬው ላይ ቀኑንና የለወጣችሁትን ነገር በእርሳስ ጻፉበት፤ ሌላ ጊዜ ማሽኑ ሲያስቸግር መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።

እናንተም ቤት ውስጥ የሚያስቸግራችሁ መሣሪያ ካለ ጻፉልን። ሰላም ሁኑ።